አያ ካሴ ማክሰኞ ጾሙ

አጎቴ አያ ካሴ በጀሪካን ማር ይዘውልኝ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ከች አሉ። ጎረቤታቸው ስኳር ስለተገኘበት እሳቸውም ሰግተዋል። "ትልቅ ሆስፒታል ውሰደኝ" ሲሉኝ፣ "ኧረ አያ፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ ጣት ወግተው ያዩታል!" ብዬ ሰፈራችን ወሰድኳቸው። ነርሷ "ነገ ጠዋት ጾመው ይምጡ" አለች።

በነጋታው ጣታቸውን ወግታ ብታየው ቁጥሩ ጣራ ነክቷል! "አባቴ፣ ጾመው ነው የመጡት?"

"ምነው ልጄ! ማክሰኞ ቀን ጾም ባይኖርም፣ አንቺ ስላልሽ የፍስክ ነገር አልቀመስኩም! ወተቱንም ቅቤውንም ትቼ በሽሮ በላሁ፣ አንድ ጣሳ ብርዝ ጠጣሁ።"

ብርዝ እኮ በውሃ የተበጠበጠ ማር ነው! በሳቅ ፈረስኩ። ነርሷም እየሳቀች "ነገ ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምሱ" አለች።

"ብቻዎን አይጾሙም" ብዬ እኔም ጠዋት ምንም ሳልቀምስ አብሬያቸው ሄድኩ። የእሳቸው ደህና ሆነ! እልል ልል ስል ነርሷ "አንተም ካልበላህ እስቲ ጣትህን" አለችኝ። እየሳቅኩ ሰጠኋት። መሣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ወጋችኝ። ከፍ ብሏል! ለካ ሰሞኑን ውሃ ውሃ የሚለኝ በሙቀቱ አልነበረም።

"ለማረጋገጥ ሌላ ቀን እንደግመዋለን፤ በጊዜ መምጣትህ ጥሩ ነው" አለችኝ።

አያ ካሴ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉና "አይዞህ፣ በጊዜ መታወቁ ሸጋ ነው" አሉኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ዞር ብለው፣ "ማሩን እንግዲህ ይዤው ልመለስ" አሉኝ።