ከባዶ ወንበር ጋር የምትሟገት ልጅ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅዋን ነው። «አይደለም መምህር፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ትላለች በዕብራይስጥ። ዝም ትልና ደግሞ ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። በጀልባ ማቆሚያው በማሪናው ካለው ሥራዬ ተመልሼ በሮቫ ሄ ሰፈር ወደምንኖርበት ሕንፃ ገና መግባቴ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከምድር ቤቱ፣ ሲረን ሲጮኽ ሁላችንም ከምንጠለልበት ሚክላት ነው። የደረጃው መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማብሪያውን በዳበሳ ስጫነው፣ ጎረቤቴን አባ ማሐሪን ወደ ምድር ቤቱ ከሚወርደው ደረጃ ላይ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠው አየኋቸው።

«እንደምን አመሹ አባ?» ብዬ ጎንበስ አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሰማህ ወንዳለ? የልጅ ልጄ ትልቁን ሰው ‹ተሳስተሃል› ስትለው ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አንተ ብላ ነው እኮ።»

«ዕብራይስጥ አንቱ የለውም አባ።»

«የለውም፤ ዝምታ ግን አለው። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ስትመልስለት ሰምቼ የኢንተርኔቱን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልሁት። ዛሬ ደግሞ እዚህ ጉድጓድ ገብታ ጀመረች። ኮምፒውተሩን ያዋስሃት አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው።»

ቁጣቸው ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናቷ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት እየሠራች ስታመሽ፣ ሳፒርን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ለመምህር ያላቸው አክብሮት ደግሞ ልክ የለውም፤ መምህር ባለበት ጮክ ብለው አይስሉም። ስለዚህ ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁና ቀስ ብዬ ነገሩን ጀመርሁ።

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ። ለወላጆች ስብሰባ፣ ለአሴፋው፣ ትምህርት ቤቷ የሄዱት አንቱ አልነበሩም?»

«እኔ ነኛ። የሒሳብ መምህሯ ‹ሳፒር ዝምተኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም› አለችኝ። ያሳደግሁት ልጅ አላሳፈረኝም ብዬ ደስ አለኝ፤ እዚያው ቆሜ መረቅኋት።»

«ማመስገኗ እኮ አልነበረም አባ። ማማረሯ ነው። እዚህ አገር የማይጠይቅ ልጅ ያልገባው ልጅ ነው። አንቱ መርቀው በወጡ ማግስት ሳፒርን ከከፍተኛው የሒሳብ ቡድን ወደ ዝቅተኛው አወረደቻት።»

አባ ማሐሪ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ማን ነገረህ?»

«ራሷ። ምርቃታቸውን አላበላሽባቸውም ብላ ነው ከአንቱ የሸሸገችው። በዝቅተኛው ሒሳብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን፣ ባግሩቷን ከወሰደች ደግሞ የምትመኘው የምሕንድስና ትምህርት አይቀበላትም።»

«ታዲያ ትምህርት ቤቱ ይመልሳታ። ከኮምፒውተር መስኮት ውስጥ የሚያወራ ሰው ምን መምህር ይባላል? ሲገባ አይነሱለት፣ እጅ አይነሱት። ወጣቱስ በዚያ መስኮት የሚያየው ጭፈራ አይደለም?»

«ጭፈራም አለበት። አንቱ በስልክዎ የቄሱን ጸሎት ይሰሙበታል፤ እኔ ኳስ አይበታለሁ። ስልኩ ግን አንድ ዓይነት ነው።»

«እኔ ተነሥቼ ነው የምሰማው» አሉ።

«ሳፒርም አንብባ፣ ተዘጋጅታ ነው የምትገባው። ትምህርት ቤቱ ዓመቱ ተጋምሷል፣ አንመልስሽም ሲላት፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ናት ስለ ኢንተርኔቱ ኮርስ የነገረቻት። መምህሩ በአካል ያለ፣ ስሙ የታወቀ ሰው ነው። ከቤርሼባም ከሰሜንም ልጆች ይገባሉ። ትምህርቱ ይቀዳል፤ ያልገባትን እስኪገባት ታየዋለች። በመጨረሻም ለባግሩት ይቆጠርላታል። ሌላም ብዙ ምርጫ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ፊዚክስ ያልከፈተለት ልጅ ፊዚክስ ይማርበታል፣ እንግሊዝኛ የሚያንቀው ልጅ መናገር ይለማመድበታል።»

«አንተስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰህ ማሪና ላይ ሳህን አይደል የምታጥብ?»

«አጥባለሁ። እኔም ሲበዛ ዝምተኛ ተማሪ ነበርሁ አባ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን መለሱ። «ይሁን፣ ትማር። መሟገቱ ለምን አስፈለገ?»

«ራሱ መምህሩ ያዘዘው ነው። ሰሌዳው ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይጽፍና ያገኘው ይናገር ይላል። ባለፈው ሳምንት ሳፒር አግኝታው መናገር ስትጀምር ነው አንቱ ሽቦውን የነቀሉት። ኮርሱ የሰጣት የሙከራ ጊዜ ዛሬ ያልቃል። ዛሬም ካልተናገረች ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።»

ከውስጥ ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ።

«ይኸው፣ እየተሟገተችው ነው» አሉ።

«ትምህርቱ ገና አልጀመረም። ይነሡና ይዩ።»

ክንዳቸውን ደግፌ አስነሣኋቸው። የብረቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሳፒር በተደረደሩት ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ፊት ቆማለች። ኮምፒውተሩ አልተከፈተም። «አይደለም መምህር» አለች ለወንበሮቹ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠባት፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።

አባ ማሐሪ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይህን ያህል ይከብዳታል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ይህን ያህል።»

«እኔ ነኛ ያስለመድኋት።»

«አክብሮትን ነው ያስለመዷት፤ እሱ አይጥፋባት። መጠየቅን ትጨምርበት ነው የምንል።»

እኔ ይህን ስጽፍ ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ ይማራል ማለቴ አይደለም። ማስታወቂያ ብቻ የሆነ ኮርስም ሞልቷል፤ ስለዚህ ወላጅ ለባግሩት መቆጠሩን የትምህርት ቤቱን አማካሪ አስቀድሞ ይጠይቅ። ልጁም ሁሉን ልያዝ ሳይል አንዱን ይምረጥ፣ ሰዓቱንም ያክብር። ቤተሰቡ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑን ዝቅ ቢያደርግለት ትልቅ እርዳታ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን፣ አንድ መምህር በችኮላ የዘጋውን በር ልጁ በሌላ በኩል ዞሮ ይገባበታል። አውቶቡስ ሳይሳፈር ጥሩ መምህር ያገኛል፤ አርባ ልጅ ፊት ለመጠየቅ የሚያፍረው መጀመሪያ በጽሑፍ፣ በኋላም በአንደበቱ ይለምደዋል። የለመደው አንደበት ደግሞ ነገ በሥራ ቦታ፣ በሐኪም ቤት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለራሱም ለወላጆቹም ይናገራል።

አባ ማሐሪ በሩን በዱላቸው ገፋ አደረጉት። ሳፒር ደንግጣ ዞረች።

«አትደንግጪ ልጄ። ሽቦውን ዳግመኛ አልነካውም። ከነገ ጀምሮ ሳሎን ነው የምትማሪ፤ የመጣውን እንግዳ በር ላይ እኔ አቆመዋለሁ። አሁን ያን መምህርሽን አሳዪኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፈተች። እሳቸው ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ወንበር ስበው ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔ በሩን ተደግፌ ቆምሁ። ሮተም የሚባለው መምህር ካናቴራ የለበሰ ወጣት ነው። ፊቱ ብቅ ሲል አባ ማሐሪ ብድግ ብለው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሡት። መምህሩ ግራ ቢገባውም ፈገግ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ። እሳቸውም ረክተው ተቀመጡ።

ሮተም ሰሌዳው ላይ ረጅም ስሌት ጻፈ። «እዚህ ውስጥ ስሕተት አለ» አለ። «ሳፒር፣ የት ነው?»

ሳፒር ስሌቱን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ተከተለችው። አንድ መሥመር ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሣች። ከንፈሯ ተላቀቀ። አያቷን በጎን አየት አደረገችና ጣቷን መለሰች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አቀረቀረች።

«ሳፒር፣ አለሽ?»



አባ ማሐሪ ያቀረቀረውን ራሷን አዩ። ከዚያ ያልተያዙትን ወንበሮች አንድ በአንድ አዩ። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እሳቸው ባሉበት አንደበቷ እንደማይፈታ የገባቸው ይመስላል፤ ወደ ኋላ ሳይዞሩ በአጠገቤ አለፉ፤ ከባዱን የብረት በር ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላቸው ዘጉት። የተቀመጡበት ወንበር ባዶውን ቀረ።