ኮልፌ የመጣው ባሕርና የእኔ አምፖል

አንድ ጡረታ የወጡ ኮስታራ መርከበኛ ኮልፌ ሳሎናቸው ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ፣ ከምጽዋ ያመጧቸውን ዓሦችና ኮራል የሚሉትን ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ ያኖሩ ነበር። ኮራሉ ብርሃን ካላገኘ ይሞታል ብለው መብራት እንድመርጥላቸው ጠሩኝ። እኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የምጽዋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት ሲባል ሰምቼ ትልቁን አምፖል ሰቀልኩና ወጣሁ። ጦር ኃይሎች ሰፈር ምሳ ስበላ ግን ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ያ አምፖል እንኳን ውኃ፣ ጣሪያ ያግላል! ፌርማታ ቆሜ አውቶቡስ ብጠብቅ አልመጣ አለኝ፤ ትቼው በእግሬ ሮጥኩ።

ስደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ወንበር ላይ ቆመው፣ በአምፖሉና በውኃው መካከል ጃንጥላ ዘርግተዋል። ዓሦቹ ላይ ላዩን ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ። «እትዬ፣ ምነው ቢያጠፉት?» አልኩ። «ኤሌክትሪክ እፈራለሁ ልጄ! ክንዴ ዛለ፣ ቶሎ በል!» አጠፋሁትና በምትኩ ጠዋት እዚያው ትቼው የነበረውን የማያግል የፍሎረሰንት ዘንግ ገጠምኩ። ዓሦቹ ተረፉ፤ አንዱ ኮራል ግን ሙቀቱ ጎድቶት ነጣ። ባልየው ገብተው አዩና «ያንን አምፖል ማን መረጠው?» አሉ። አፌን ሳልከፍት ወይዘሮ ለተብርሃን፣ «እኔ ነኝ። እሱማ ይቅርብዎት ብሎኝ ነበር» አሉ። ሰውየው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። በሩ ድረስ ሄድኩ፤ እግሬ አልወጣም አለ። ተመለስኩና «ጌታዬ፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። እኔን ትተው ሚስታቸውን ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ እኒያ ኮስታራ ሰው «ኤሌክትሪክ የምትፈሪው አንቺ ነሽ አምፖል የመረጥሽው?» ብለው ሲስቁ ሰማሁ።