የጥሩወርቅ መሐላ

ብዙ ዓመት ርቄ ኖሬ ጎንደር በተመለስኩ ሰሞን ጸጉሬን ልሠራ አዘዞ ወዳለው የጥሩወርቅ ሹሩባ ቤት ሄድኩ። ጥሩወርቅ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ቤቱ ጭር ብሏል። «ምነው?» ብላት፣ የሺ የምትባለው ሠራተኛዋ ለቅቃ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ሹሩባ ቤት ከፍታለች፤ ደንበኛው ሁሉ ተከትሏታል። «ሙያውን ያስተማርኳት እኔ! የሷ እጅ ራሴን ከሚነካ ተላጭቼ ብመነኩስ ይሻለኛል!» ብላ ማለች። ከዚያ እኔን ሠራችኝ። ዓይኗ ደክሟልና መስመሩ እንደ ሊማሊሞ መንገድ ተጠማዘዘ።

በማግስቱ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ግራ ቀኝ አይቼ ማዶ ተሻገርኩ። መጋረጃውን ስገልጥ የሺ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ ያለችው ማን ትሁን? ጥሩወርቅ! ግማሽ ራሷ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ከሰው ክፋት እንጂ ሌላ እንዳልጠብቅ አድርገውኛልና እሷ መሆኗን ጠጋ ብዬ አረጋገጥኩ።

«ልትመነኩሺ አልነበር?» አልኳት።

«እሑድ ልጄን እድራለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ሠርጉ ይለፍና እላጫለሁ።»

የሺ ጉንጉኑን ጠበቅ አድርጋ ሳበች።

«ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ!»

«እትዬ፣ ጠበቅ አድርገሽ ሥሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እሱን ያልኩሽ ለደንበኛ ነው!»

«ታዲያ ዛሬ ደንበኛዬ አይደሉም? ለመላጨቱም እኔው ጋ ይምጡ።»

ጥሩወርቅ ሳቋ አመለጣት። እኔም አብሬ ስስቅ ድንገት ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺስ? የትናንቱ ምን ሆነብሽ?»

ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት።