አራቱ ሜትር

እህቴ፣ የእህቴ ባል፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምትጠብቁን አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የምንሸኛት ልጃችን የበረራ ሜዳ ጓደኞች፣ ጎረቤቶች፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔን የምታውቁኝ በቀልዴ ነው። ሰርግ ላይ ለንግግር ስነሳ ገና አፌን ሳልከፍት ትስቃላችሁ። ዛሬም ፈገግ የሚል ካለ አልቆጣም፤ እሷ እዚህ ብትቆም ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። የዛሬው ወሬዬ መጨረሻው አያስቅም።

የእህቴ ልጅ ጃይሮኮፕተር ታበርር ነበር። ለማታውቁት፣ ከሞተር ብስክሌት ጥቂት የሚተልቅ ቀላል በራሪ ነው። አናቱ ላይ የሚሽከረከር ክንፍ አለው፤ ከኋላው ደግሞ ማራገቢያ ይገፋዋል። ሄሊኮፕተር ከቆመበት ብድግ ይላል። ይሄኛው መሬት ላይ ሮጦ ነው የሚነሳው። ስንት ሜትር ሮጦ? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። ስንት ሜትር ሮጦ?

ሚዛን ያልኳት እኔ ነኝ። ስሟን እስክትረሱት ድረስ ሚዛን፣ ሚዛን አላችኋት። ደግሞስ ሌላ ምን ትባል? እዚህ ከቆማችሁት ግማሾቻችሁን መዝናችኋለች። የበራሪዎቹ መጠለያ፣ የሃንጋሩ በር ላይ ሚዛን አስቀምጣ፣ አብሯት የሚበር ሁሉ ሳይወጣበት አያልፍም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ትዝ ይልዎታል? «ልጄ፣ ጫማዬ ነው የከበደው» አሏት። «ጫማዎም አብሮን ይበራል» አለችዎ። አወለቁ። በካልሲ በረሩ።

እኔንስ? አንድ ቀን ከኋላዋ ልቀመጥ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። የዚያን ቀን ነዳጁን ሞልታ ስለነበር ከዘጠና ሦስት ኪሎ በላይ አልጭንም ብላለች። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። ቀስ ብዬ በአንድ እጄ የበሩን መቃን ተደገፍኩ። ሚዛኑ ዘጠና አለ። እሷ ቁጥሩን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ።

«አጎቴ፣ እጅህን ከበሩ ላይ አንሳ።»

አነሳሁ። ዘጠና አራት።

«ውረድ።»

«ለአንድ ኪሎ?»

«ለአንድ ኪሎ።»

ትታኝ ሄደች! አቧራዋን እየዋጥኩ መሬት ላይ ቀረሁ። ለአንድ ኪሎ አጎቷን ትታ የሄደች ልጅ ናት። ይህንንም ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሁለቱ ጃይሮኮፕተሮች ልምጣ። ሰማያዊዋ የበረራ ክበባችን ናት፤ ከፋብሪካ የመጣች፣ በመስታወት የተዘጋች፣ እመቤት። ቢጫዋ የኔ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጋራዤ ውስጥ በገዛ እጄ የገጣጠምኳት፣ ክፍት፣ ነፋሱ ፊት የሚመታባት። እኔ ዲፕሎማ የለኝም። ዲፕሎማዬ ቢጫዋ ነበረች። ባለፈው በጋ ሚዛን «እናወዳድራቸው» አለች። «ወሬ ሰልችቶኛል አጎቴ። በቁጥር እናውራ።»

በቁጥር አወራን። ሁለት ሰው ተጭኖ በስንት ደቂቃ ሦስት መቶ ሜትር ይወጣሉ? በሰዓት ስንት ሊትር ይጠጣሉ? ምን ያህል ይፈጥናሉ? ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሃንጋሩ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ላይ ጻፈች። በፍጥነት ሰማያዊዋ አሸነፈች። በነዳጅ ሰማያዊዋ። በመውጣት ሰማያዊዋ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስቆጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «አይዞህ፣ ቢጫዋ በጩኸት ትበልጣለች» አለችኝ።

የቀረው መነሻው ነበር። ስንት ሜትር ሮጦ?

ከማኮብኮቢያው ዳር ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ አለ። የአንድ ሰው ክብደት አሸዋ ከኋላዋ ጭና ከዚያ ትነሳለች። እኔ ዳር ቆሜ ጎማው መሬት የለቀቀበት ቦታ ላይ ባንዲራ እተክላለሁ። ሦስት ጊዜ ከተነሳች በኋላ አብረን ከድንጋዩ እስከ ባንዲራዎቹ እንለካለን። ሰማያዊዋ መቶ ሃያ አምስት ሜትር ሆነች። ቢጫዋ ተራዋ ደረሰ። ሦስተኛውን ተነስታ አየር ላይ እያለች፣ እኔ ባንዲራዎቼን አየሁ። በዓይኔ ብቻ መሸነፌን አወቅኩ።

ድንጋዩን አንስቼ ወደ ባንዲራዎቹ አስጠጋሁት።

አዎ፣ እኔ። በእርምጃ ነው፤ ስንት እንደሆነ እንኳ አልለካሁም። እሷ ስታርፍ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። ለካን። መቶ አሥራ ስምንት። ሜትሩን አየች፤ እኔን አየች። «ይህቺ ቢጫ ዛሬ ምን በልታ ነው?» አለች። «የባለቤቷን ልብ» አልኳት። ጻፈችው።

እንዲያው ለአንድ ሳምንት ላስቆጣት ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰሌዳውን ማየት ጣፈጠኝ። በሕይወቴ አንዴ ፋብሪካን አሸነፍኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። አራት ወር ሙሉ ቀለለኝ። ማክሰኞ ዕለት ግን ከበደ።

ማክሰኞ የሆነውን እኔ አላየሁም። ያየው እዚህ በክራንች የቆመው የቦይ መሐንዲስ ነው። ወንድሜ፣ የነገርከኝን ነው የምናገረው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ሚዛን ለመስኖ ሠራተኞቹ ቦዮቹን ከላይ ታይላቸው ነበር፤ የት እንደፈረሰ፣ የት እንደተደፈነ። ዳር ዳሩን ለማየት ክፍቷ ስለምትሻል ቢጫዋን ይዛ ሄደች። ከቦዩ አጠገብ ባለች ጥርጊያ መንገድ ላይ አረፈች። መሐንዲሱ አብሯት ሊወጣ ፈለገ። መዘነችው። ሙቀቱን አየች፤ ሣር በትና ነፋሱን አየች። ሜትሯን አውጥታ መንገዱን ለካች። መቶ ሰባ ሜትር።

ከዚያ እንዲህ አለችው። «ሰሌዳችን መቶ አሥራ ስምንት ይላል። ግን ያን ቀን አጎቴ በጣም ጨዋ ሆኖ ነበር። ስለ ጨዋነቱ አሥር እንጨምር።»

ሰማችሁ? አውቃብኛለች። አውቃ ዝም አለችኝ። ሰሌዳውን ማየት እንደጣፈጠኝ አይታ ነው ዝም ያለችኝ።

«ለመነሳት መቶ ሃያ ስምንት» አለች። «ካልተነሳን ለመቆም አርባ። መቶ ስልሳ ስምንት። ይበቃናል።» ቀይ ሻርፗን መቶ ሃያ ስምንተኛው ሜትር ላይ ድንጋይ ጭና አስቀመጠች። «እዚህ ካልተነሳን አቆማለሁ።» ሻርፑ ጋ ሲደርሱ ጎማው ተነሳ መሰለ። ተመልሶ መሬት ነካ። ነዳጁን ዘጋች፣ ፍሬን ያዘች። መንገዱ አለቀ። ከፊታቸው የቦዩ ሲሚንቶ ነበር።

መሐንዲሱ ይህን ሆስፒታል ተኝቶ ነገረኝ። ከዚያ ሜትር ይዤ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ድንጋዩ ድሮ የነበረበት ቦታ ሣር ስላልበቀለበት ዛሬም ይታወቃል። አሥር ሁን እያልኩ ነው ከዚያ እስከ ድንጋዩ ሜትሩን የዘረጋሁት። እሷ እንደገመተችው፣ አሥር ሁን። አሥር አለፈ። አሥራ ሁለት አለፈ።

አሥራ አራት።

እውነተኛው መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ለመቆም አርባ ስትጨምሩ መቶ ሰባ ሁለት። መንገዱ መቶ ሰባ። ለአንድ ኪሎ አጎቷን ትታ የሄደች ልጅ፣ ለሁለት ሜትር መሐንዲሱን አትተወውም ነበር? «በእግርህ ና» ብላው ብቻዋን ቀልላ አትነሳም ነበር?

የክበቡ መካኒክ ትናንት ትከሻዬን ይዞ፣ «ጋሼ፣ አራት ሜትር እኮ ትንሽ የነፋስ ሽውታ ይበላዋል፤ ራስዎን አይግደሉ» አለኝ። ይሆናል። አላውቅም። እስክሞትም አላውቅም። ግን ነፋሱን ለክታው ነበር። ሙቀቱን ለክታው ነበር። ከኔም አሥሩን ለክታለች። ያላገኘችው አራቱን ነው።

ትናንት ማታ ለእህቴ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በኋላ፣ «ሰሌዳው ላይ አሁንም አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «ሌላ ሰው በዚያ ቁጥር ይነሳል?» ይነሳል አልኳት። «እንግዲያው ነገ ቀብሯ ላይ ቆመህ ትናገረዋለህ። ልጄን በውሸት ቁጥር አልቀብራትም።»

ይኸው ተናገርኩ። የምታበርሩ ሁሉ ስሙኝ፤ ቢጫዋ ብትሰበርም የሷን ዓይነት የምትገጣጥሙ አላችሁ፤ ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ የገለበጣችሁ አላችሁ። ሰርዙት። መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ሳልመጣ ድንጋዩን ቦታው መለስኩት። ሰሌዳውንም በእጄ አረምኩ። ከአጠገቡ ማን እንደዋሸም ጻፍኩ። ማንም እንዳያጠፋው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእህቴ ነው፤ እሷም ስትችል፣ ከቻለች። እኔ የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ነው።

ሚዛን። አንቺ ልጅ። ስትሄጂ ሁሌ እኔ ነበርኩ መሬት ላይ የምቀረው፤ አሁንም እኔው ቀረሁ። አሥሩን ይቅር ብለሽኝ ነበር፤ አራቱን ሳልነግርሽ ሄድሽ። ይኸው አሁን ነገርኩሽ። የኔ ልጅ፣ እጄን ከበሩ ላይ አንስቻለሁ። ምንም አልተደገፍኩም። መዝኚኝ።

ደህና ሁኚ።