የፀጉር ቤቱ መታጠፊያ

ከጎረቤቴ ከጫማ ሰፊው ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ አዋላጇ ነርስ ላብ አጥምቋት ተመልሳ መጣች። ከአንድ ሰዓት በፊት ምጥ የያዛት ሴት ቤት የት እንደሆነ ጠይቃን፣ እሱ «ፀጉር ቤቱ ጋ ስትደርሺ ታጠፊ» ብሏት ነበር።

«አባባ፣ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ፀጉር ቤት የሚባል የለም።»

«ስልክ መጠገኛው እኮ ነው!»

«ታዲያ ስልክ መጠገኛው አይሉኝም?»

«ከአሥር ዓመት በፊት ፀጉር ቤት ነበር።»

«እኔ የመጣሁት ዛሬ ነው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ስደርስ ሕፃኑ ተወልዷል። ደግነቱ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። ለየበሩ ቁጥር ተሰጥቶ ነበር፤ የዚህ ቤት የታለ?»

«ነቀልኩት። እስረኛ ነኝ በቁጥር የምጠራ?»

«ጎረቤቱም እርስዎን አይቶ ነቀለ አሉ።»

አንገቱን ደፋ። ፀጉር አስተካካዩ ታናሽ ወንድሙ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

«ልጄ፣» አለ፣ «ወንድሜ ሞተ፤ ሱቁን ሌላ ያዘው። ዛሬ እሱ የሚነሳው ሰው ‹ፀጉር ቤቱ ጋ› ሲል ብቻ ነው። ይህ ከቀረ ማን ያስታውሰዋል?»

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ልጁ በሩን ተደግፋ ትሰማ ኖሯል።

«አባዬ፣ አጎቴ ለኔም አጎቴ ነው። የኔ ቀን ሲደርስ የምትመጣው አዋላጅ ግን አታውቀውም።»

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀበሌው ለመንገዱ ስም አውጡ ብሏችሁ ዝም ብላችኋል አሉ። የወንድምዎን ስም ለምን አትሰጡትም?»

ወደ ቤት ገባ። ቁጥሩን ይዞ ወጣ፤ ለካ የማስቲሽ ጣሳ መክደኛ አድርጎት ኖሯል። ማስቲሹን በወስፌ ፍቆ፣ በጫማ ምስማር በሩ ላይ መታው። በማግስቱም አብረን ቀበሌ ሄደን የመንገዱን ስም አስጻፍን።

በወሩ የልጁ ምጥ መጣ። ሌላ አዋላጅ ማንንም ሳትጠይቅ ደረሰች፤ ሴት ልጅም በሰላም ተወለደች። ዛሬ ሐኪሙም፣ የእሳት አደጋ መኪናውም፣ ደብዳቤውም በራችንን አይስትም። ነቅለው የነበሩት ሁሉ መልሰው መትተዋል።

የልጁ ምጥ በመጣበት ቀን አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ የወንድሙን ስም ከነአባቱ ጠራችና «መንገዱ ይሄ ነው? ቁጥር አሥራ አራት?» አለች። ጎረቤቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት።

«ነው፣ ግቢ» አልኳት እኔ።