ሠርግ ያፈርሳል የተባለው መርፌ

ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ጉድ የሠራችኝ የወለድኳት ሳምራዊት ናት። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ቦሌ ባለ የመዝናኛ ፓርክ ምሳ ጋበዙንና፣ እኔ ስኳር ያለብኝ ሴትዮ ኢንሱሊኔን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ምሳው ሲቀርብ ቦርሳዬ የለም። ልጄን ጎሸም ባደርጋት «እማዬ፣ መኪና ውስጥ ደብቄዋለሁ። መርፌ ስትወጊ ካዩ ስኳር በዘር ይወርዳል ብለው ሠርጉን ያፈርሱታል» ብላ አንሾካሾከችልኝ። ቁልፉን ነጥቄ ሄጄ ባየው፣ ፎጣው ደርቆ መድኃኒቱ በፀሐይ እንደ ሻይ ሞቋል። ከእንግዲህ ቢወጉት ውሃ ነው፤ ሳልወጋ ደግሞ እህል አልቀምስም።

ተመልሼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ አስካለ «ይብሉ እንጂ እትዬ!» ሲሉኝ ልጄ ቀደም ብላ «እማዬ ጾመኛ ናት» አለች።

«በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው?»

«አዲስ ነው፤ ልጄ ናት ያወጀችው» አልኩ። ሰው እዚያ ከፍሎ በሚሽከረከር ወንበር ይዞራል፤ እኔን ግን ረሃቡ ቁጭ ባልኩበት በነጻ አዞረኝ።

በማግስቱ ማለዳ አዲስ መድኃኒት ገዛሁና ሳሊተ ምሕረት ሰፈር፣ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሳልጠራ ገባሁ። ቤተሰቡ ፊት ሳሎን መሃል ተቀምጬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ወጋሁና «በሉ ቁርስ አቅርቡ፤ የስኳር መርፌ ከወጉት በኋላ አያስጠብቅም» አልኳቸው።