ያልተጠየቀ ፈቃድ

— ሄሎ… ሄሎ፣ እትዬ? … እኔ ነኝ፣ እኔ። ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ ቆይ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። … እህ፣ አሁን ትሰሚኛለሽ?

— ደህና ነኝ። … ኧረ ጉንፋን አይደለም። አቧራው ነው፤ ግድግዳ ሲበሱ ውለው ጉሮሮዬን ዘጉት።

— ምሳ ሰዓት ነው፣ አዎ። … በልቻለሁ። … እሺ፣ አልበላሁም። አንቺን መዋሸት አይቻልም መቼም! ዳቦዬ ይኸውና የሕንፃው ፕላን ላይ ተቀምጧል፤ እየገመጥኩ እሠራለሁ።

— እማዬ እንዴት አደረች? … ሐኪሙ መጣ? … ሐሙስ። ከሐሙስ ወዲያ አልጠብቅም አለ? … እጢው አድጓል? … ወይኔ እናቴን!

— ኦፕሬሽን አልገባም ማለት ምን ማለት ነው? … «ልጄ አጠገቤ ሳይቆም ቢላ አይነካኝም»? ታላቅ ልጇ አይደለሽም እንዴ፣ ተቆጪያታ! … ሁለቴ ቀጠሮዋን በእኔ ምክንያት እንዳዛወረች አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ፣ አትዘርዝሪልኝ።

— ረቡዕ ማታ ብሳፈር ሐሙስ ጠዋት እደርሳለሁ፣ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ስሚኝ፣ ይሄ ሥራ ቀልድ አይደለም። ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ሆቴል ነው፤ የውሃው መስመር በሙሉ በእኔ እጅ ነው ያለፈው። ውሃ ለቀን ስንፈትሽ ሰባተኛው ፎቅ አፈሰሰ፤ እሱን ደፍነን ሳንጨርስ ስምንተኛው! ርክክቡ ሰኞ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት እዚሁ ነኝ። ትናንት ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት፣ እመኚኝ።

— አንተ በያጅ፣ እስቲ በሩን ግጥም አድርገህ ዝጋልኝ፣ እህቴን አልሰማ አልኩ።

— በያጁ ነው፣ እዚህ ሰው አገር አብሮኝ የሚሠራ የአገራችን ልጅ። … ሰላም ይልሻል።

— ማን ከለከለኝ? አለቃዬ ነዋ። … ምን ብሎ? እንግዲህ… ከለከለኝ እኮ ነው የምልሽ! … በአፉ? … እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን ያለ ምርመራ ነው?

— እሺ። እሺ በቃ። አልጠየቅኩትም።

— አልጠየቅኩትም! ስንቴ ልበለው? … ሁለቱንም ጊዜ። … አትጩኺ፣ ሰው ይሰማል። … ልጠይቀው ስገባ ቀድሞኝ ትከሻዬን መታ መታ ያደርግና «አንተ ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር» ይለኛል። ከዚያ በየት በኩል አፌን ልክፈት? ይሉኝታ ያዘኝ። … አዎ፣ ለእናቴም ሕመም ይሉኝታ ያዘኝ! … እናንተንም ዋሸሁ። ከለከለኝ ማለቱ ይቀለኛል፣ ምን ላድርግ። ራሴን ጠልቼዋለሁ፣ ይብቃሽ።

— ቆይ፣ መጣ። … አለቃው። አትዝጊው።

— አቤት አለቃ። … አዎ፣ አይቼዋለሁ፣ ተስተካክሏል። … ሐሙስ? … እ… ሐሙስ እንኳ እኔ… አይ፣ አይ፣ ምንም። … ይቻላል። ችግር የለም።

— ሄሎ? … ሄደ። … ለካ ቋንቋቸው አይገባሽም። «ሐሙስ የምድር ቤቱን ፓምፕ ስናስነሳ አንተ አለህ አይደል?» ነው ያለኝ። … ምን አልኩት… እሺ አልኩት። … ስደቢኝ፣ ሲያንሰኝ ነው። በያጁም እዚህ ራሱን እየነቀነቀብኝ ነው።

— አጠገብሽ ናት? … ስትሰማ ነበር?! … ምነው እትዬ፣ ምነው! … ስጪኝ በይ።

— እማዬ… እማ፣ እንዴት ነሽ? … በልቻለሁ፣ ጥግብ ብዬ። … ሐሙስ ትገቢያለሽ? ያለ እኔ? … አሁን አልገባም ስትዪ አልነበረም እንዴ? … እሷ አጋንናው ነው። እሺ። … አትፈሪም? … እውነት በይ።

— እማዬ፣ ስሚኝማ። ና በይኝ። … ሥራዬን ተይው። አንዴ ብቻ ና በይኝ። እኔ ለራሴ ብዬ አፌ አይፈታልኝም፤ አንቺ ከጠራሽኝ ግን አሁኑኑ ገብቼ «እናቴ ጠርታኛለች» እለዋለሁ፣ በቃ። … በሞቴ በይኝ። … «እንዳመቸህ» አይደለም የጠየቅኩሽ! … ላለማስቸገር ብለሽ ነው፣ አውቅሻለሁ። አስቸግሪኝ! እባክሽ እማዬ፣ አስቸግሪኝ!

— … እማ? … ትሰሚኛለሽ? … እያለቀስሽ ነው እንዴ? … ታዲያ ለምን አትዪኝም?

— አቤት? … አንድ ደቂቃ አለቃ!

— እሱ ነው፣ እየጠራኝ ነው። ይጠብቅ! አንድ ቃል ብቻ… ምን? አልሰማሁሽም። … «ሰው አታስጠብቅ፣ ሂድ ልጄ»?

— እሺ እማዬ። … እሺ። ደህና ዋይ።

— መጣሁ አለቃ! … መጣሁ!